ጠባሳ የምታጠፋዋ ካሜራ

ካሜራዋ ሱቃችን የገባችበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። ከረመዳን በፊት ይሁን በኋላ፣ እንጃ። አንዱ ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ሌላው ደግሞ ቀን ጽፎ የማስቀመጥ ልማድ ኖሮኝ አያውቅም። ዓመቱን ግን አልስተውም። ሳዑዲ ወረቀቱ ያልተስተካከለውን ሰው ሁሉ «ወይ አስተካክል፣ ወይ ውጣ» ያለችበት፣ በፈረንጆች ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው። ያን ዓመት ጅዳ የነበረ ሐበሻ ሌላ ሌላውን ቢረሳ እሱን አይረሳም።

ይመር እባላለሁ። የወረባቦ ሰው ነኝ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ወሬዬ ቢሆን አንባቢ ይለፈኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ፎቶ ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ መካ፣ ኋላ ጅዳ። አሁን ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራ ካስቀመጥኩ ቆየሁ። በቀደም የልጄ ባል በስልኩ አነሳኝና አሳየኝ። ግንባሬ ልሙጥ፣ ጉንጬ የጎረምሳ ሆኗል።

«ይህ ማነው?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ስልኩ ራሱ ነው የሚያሳምረው» አለኝ እየሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ግን ያቺ ካሜራና በእሷ ያጠፋሁት ጥፋት ትዝ አሉኝ። ከዚያ ጥፋት ያወጣኝን ሰው ሳላመሰግን እንዳልሞት ብዬ ነው ብዕር የያዝኩት።

መካ የገባሁት በዑምራ ነው። ዑምራዬን አድርጌ፣ እንደዚያ ጊዜ ብዙ ሰው፣ ቀረሁ። ሚስፈላ በሚባለው ሰፈር፣ ከሐረሙ፣ ከታላቁ መስጊድ፣ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ፎቶ ቤት ወለል የሚጠርግ ይፈልግ ነበርና ገባሁ። የቤቱ ባለቤት ከፊል ሆነኝ፤ ዋሴ ማለት ነው። ቆይቶም ኢቃማ አወጣልኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ላይ ሙያዬ «ዓሚል» ተባለ፤ የጉልበት ሠራተኛ። ያኔ ወረቀት ማግኘቴ ብቻ ሰማይ መድረስ ነበር፤ ምን እንደተጻፈበት ማን አየ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ኡስታዝ ባቢከር የሚባሉ ሱዳናዊ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ካሜራ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ በቀን ሃያ ጊዜም ቢሆን። «እጅህ ላይ ያለ ዘይት ነገ ሰው ፊት ላይ ይወርዳል» ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራ አላስነኩኝም። ሰው ማስቀመጥ ብቻ ነው ያስተማሩኝ። በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሐጃጅ አንገቱን ሲደፋ አገጩን በእጃቸው አይዙትም፤ ፊት ለፊቱ ይቆሙና የራሳቸውን አንገት ቀና ያደርጋሉ። እሱም ሳያውቀው ቀና ይላል። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሰው ፎቶ ሲነሳ ትንፋሹን ይይዛል፤ የተያዘ ትንፋሽ ደግሞ ፊትን ያደርቃል። ኡስታዝ ሰውየው ሰልችቶት ትንፋሹን እስኪለቅ ይታገሱና በዚያች ቅጽበት ጠቅ ያደርጋሉ። የእሳቸው ፎቶ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሶላቱን ጨርሶ ገና ያሰላመተ ይመስል ነበር።

አንድ ጥቁር ኮት ነበረን። ጀርባው ተቀዶ፣ ለቀጭኑም ለወፍራሙም በመርፌ ቁልፍ እንዲያያዝ የተሠራ። ግማሽ ሚስፈላ የተነሳው በዚያ ኮት ነው። ከፊት ሲያዩት ሚኒስትር፣ ከኋላ ሲያዩት የተዘረፈ ሰው።

ካሜራ ባስያዙኝ ቀን ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው ርቀት ነው። «ሰው ፊት ላይ አትደቀን። ከቀረብከው አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይሸሻል። ሦስት እርምጃ ራቅና ሌንሱ ይቅረብልህ።» ሁለተኛው ትንሽ ጊዜ ወስዶ ነው የገባኝ። ያኔ በፊልም ነበር የምንሠራው፤ ኡስታዝ ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ አድርገው፣ በሾለ እርሳስ የሙሽራን ብጉር፣ የሽማግሌን ማዲያት ያጠፉ ነበር። እጃቸው ላይ ተአምር ነበራቸው። ለወረቀት በሚሆን ፎቶ ላይ ግን እርሳስ አያነሱም። አንድ ጊዜ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ፣ ሁለት ጉንጩ ላይ የነገዱን ምልክት የተተለተለ ሐጃጅ «ለፓስፖርቴ ነው፣ አጥፋልኝ» ብሎ ለመናቸው፤ ከዋጋውም እጥፍ እሰጣለሁ አለ።

«የደስታ ፎቶ ከሆነ ደስ እንዳለህ አደርግልሃለሁ» አሉት። «የወረቀት ከሆነ ግን ምልክቱን ባጠፋ የማጠፋው አንተን ነው። በር ላይ የሚቆመው ሰው ማንን ያስገባ?»

ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። ኡስታዝ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ።

ሚስፈላ የኛ ፎቶ ቤት ያለበት ሕንፃ ለሐረሙ ማስፋፊያ ሲፈርስ ኡስታዝ አገራቸው ገቡ። ሲሰናበቱኝ እርሳሳቸውን አልሰጡኝም፤ ዱዓ አደረጉልኝ እንጂ። እኔም በአዲስ ከፊል ጅዳ ወረድኩ፤ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ አቡ ናይፍ የሚባል ሰው ሱቅ። አቡ ናይፍ ቁጡ አልነበረም፣ ደሞዜን ሳያዘገይ ይሰጠኝ ነበር፣ አላህ ይስጠው። ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ ወገኑ ሻይና ሳንዱች የሚሸጥ ቡፊያ፣ በሌላው ልብስ ሰፊ። ውስጥ የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተሩና ማተሚያው ላይ ደግሞ አንድ የመናዊ አለ። ከሀድረመውት ስለመጣ ሰፈሩ ሁሉ «ሀድረሚው» ይለዋል። በዕድሜ የልጅ ያህል ያንሰኛል፣ ምላሱ ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር። ፊቱ የማይፈታ፣ ቀልዱ እንደ ሎሚ የሚመር ሰው።

ጅዳ ላይ ለፎቶ አንሺ ጠላቱ እርጥበት ነው። ከቀዝቃዛው ሱቅ ወደ ውጭ ስትወጣ ሌንሱ ላይ ላብ ይወርዳል። የማያውቅ ሰው ይጠርገዋል፤ ይበላሻል። እኔ ካሜራውን በሻርፔ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አሞቀውና ነው የማወጣው። ሀድረሚው በዚህ አይምረኝም ነበር፤ «ሸይኽ ይመር ዛሬም እንቁላሉን ታቅፎ ሊወጣ ነው» ይላል።

እንግዲህ ቀኑን በማላስታውሰው ቀን አቡ ናይፍ ገባና ከቀሚሱ ኪስ አንዲት ጥቁር ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መዳፍ ታክላለች። ሲጫናት ሌንሷ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ አለ፤ ሲደግም እየረዘመ ወጣ። «የዘንድሮ አዲስ ናት» አለ። «ከትልቁ ካሜራ አታንስም፤ ሻጩ ምሎልኛል።» ዋጋዋ የሁለት ወር ደሞዜን ያህል ነበር።

ሀድረሚው በሁለት ጣቱ አንስቶ አገላበጣት። «ሲጋራም ትለኩሳለች?»

«የሚያውቅ ይይዛታል» አለ አቡ ናይፍ፣ ወደ እኔ እያየ።

ያን ሰሞን ስለዚያች ካሜራ ያልፈረደ ሰው አልነበረም። አንድ የአገራችን ሰው፣ አየር መንገድ ውስጥ ኢንጂነር የሆነ፣ የልጆቹን ፎቶ ሊያሳትም መጥቶ አያት። እንደ ሕፃን ተቀብሎ አቀፋት። «ጋሽ ይመር፣ ይህን የሚያህል ሌንስ እዚህ አካል ውስጥ እንዴት እንዳስገቡት ያውቃሉ? እኔ ብሆን ሌላ ካሜራ አልነካም» አለኝ። በማግስቱ ከጉለይል ሰፈር የመጡ የወሎ ልጆች፣ በቀን ሥራ ሲሚንቶ ተሸክመው የሚያድሩ፣ ለወረቀት ሊነሱ ገቡ። ካሜራዋን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ።

«አባ ይመር፣ እኛን ለዚች አሳንሳችሁን ነው?» አለ አንደኛው።

«ምን ሆነች?»

«ምንም። ትልቁን ያውጡልን። መንግሥት ነው የሚያየው።»

አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ የሙሽራው አጎት፣ እኔ ካሜራዋን ይዤ ፊቱ ቆሜ እያለሁ፣ «ፎቶ አንሺው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሀድረሚው ይህን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ሲያገኘኝ «ፎቶ አንሺው መጣ?» ሲለኝ ከረመ።

እኔ መጀመሪያ አልወደድኳትም። ሲውል ሲያድር ግን እጄ ለመዳት። አንገቴን በሚያመኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ትልቁ ካሜራ ማታ ማታ ትከሻዬን ሲቆረጥመኝ እሷ ላባ ናት። ድምፅ የላትም። በተለይ ሴቶቹ፣ የሰው ቤት ሠርተው የሚኖሩት እህቶቻችን፣ ትልቁን ካሜራ ሲያዩ የሚደነግጡት፣ ለእሷ ፊታቸው አይጠቁርም። አንድ ነገር ደግሞ ነበራት፤ የምታወጣው ፊት ንጹሕ ነው። እንቅልፍ ያጣው የተኛ ይመስላል፣ ያበጠ ዓይን ይረግባል። «ጥሩ ሌንስ እንዲህ ነው» ብዬ አመንኩ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ማውጫዋ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብሪያዋንና ማጥፊያዋን ብቻ ነው የማውቀው።

ወረቀት ለማስተካከል የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ሰልፉ ከኛ በር አልፎ ቡፊያውን ተሻገረ። ወረቀቱን የሚያስተካክለውም ፎቶ ይፈልጋል፣ ተስፋ ቆርጦ አገሩ ሊገባ የጉዞ ሰነድ የሚያወጣውም ፎቶ ይፈልጋል። ሱቁ ስለሚጠብ ሦስት እርምጃ መራቅ አልቻልኩም፤ ግድግዳው ከኋላዬ ነው። ሰው እየገባ፣ እየተቀመጠ፣ እየወጣ፣ የማንንም ትንፋሽ መጠበቅ ቀረ።

ሰዓዳ የመጣችው በዚያ መሐል ነው። የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ፣ ከሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት የማትበልጥ። በግራ ጉንጯ ላይ ከዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ ጆሮዋ የሚወርድ ጠባሳ አለ፤ በምትሠራበት ቤት ኩሽና ውስጥ የፈላ ዘይት ተገልብጦባት ነው። ከዚያ ቤት ወጥታ ጉለይል ከአገሯ ልጆች ጋር ነበረች። ኢቃማ የላትም፤ አገሯ ለመግባት ቆርጣለች። አነሳኋትና በካሜራዋ ጀርባ ያለውን ምስል አሳየኋት።

አተኩራ አየችው። «አባ፣ ይህ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ጠባሳዬስ?»

እኔም ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ጠባሳው ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ጥላ ብቻ ነው የቀረው። «ካሜራዋ አልያዘችውም» አልኳት። «ቆይ፣ መብራቱን አዙሬ ልድገምልሽ።»

እጄን ያዘችኝ። «ይተውት አባ። ወላሂ ይተውት። እናቴ ይህን ጉንጬን አላየችውም፤ በስልክም አልነገርኳትም። ነገ የምትሄድ ጓደኛ አለችኝ፣ አንዱን በእሷ እልክላታለሁ። እኔ እስክደርስ ይህን ትይ።»

እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝን አውቀዋለሁ። «ይህ ለእናትሽ፤ ለወረቀቱ ሌላ እናነሳለን» ነው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የኡስታዝን ቃልም አልረሳሁትም፤ ትዝ ብሎኛል። ግን ልጅቷ ከገባች ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሳቀችው፤ ከኋላዋ ደግሞ ሰልፉ ይገፋል። ዓይኑም አፍንጫውም የእሷ ነው፣ ጠባሳ ምን ያደርጋል አልኩ። ከአንዷ ፎቶ ስድስት አሳትሜ ሰጠኋት። መርቃኝ ወጣች።

እፎይታው አለቀ። ፍተሻው ጀመረ። ጉለይል ጎዳናው ጭር አለ፤ የወጣ ይያዛል፣ ያልወጣ ይራባል። ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ራሳቸው እጅ ሰጡ፤ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ማቆያ ወሰዷቸው። ከነዚያ አንዷ ሰዓዳ ነበረች፤ የጉዞ ሰነዷን ይዛለች። ሱቃችን በሩ ግማሽ ተዘግቶ እንሠራለን።

አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በፊት ስልኬ ጮኸ። ከሰዓዳ ጋር እጅ የሰጠች ጓደኛዋ ናት፤ ቁጥሬን ከፎቶው ፖስታ ላይ አግኝታው ነው።

«አባ ይመር፣ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ወደ አየር ማረፊያ እየወሰዱን ነው። ሰዓዳን አወረዷት።»

«ለምን?»

«ወረቀቱ ያንቺ አይደለም አሏት። ፈታሹ ፎቶውን ከጉንጯ ጋር አስጠግቶ አየና፣ የሌላ ሰው ሰነድ ይዘሽ ነው አላት። ፎቶ አንሺው ነው ያጠፋው ብትለው፣ እንግዲያው ፎቶ አንሺው ይምጣና ይንገረኝ አላት። ለብቻዋ አስቀምጠዋታል። ሌላ ምርመራ አለባት ይላሉ። አባ፣ ብቻዋን ናት።»

ስልኩ ተቋረጠ። በርጩማው ላይ፣ ሰው የማስቀምጥበት ላይ፣ ተቀመጥኩ።

የፈራሁትን ልንገራችሁ፤ ከፍርሃቴ በላይ ጀግና ሆኜ መታየት አልፈልግም። ኢቃማዬ ዓሚል ይላል። ያን ሰሞን ደግሞ ሕጉ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ሙያ ውጭ ሲሠራ የተገኘ ይሸኛል የሚል ነው። እዚያ ሄጄ «ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ» ካልኩ በገዛ አፌ ራሴን ማሰናበቴ ነው። ልጄ ያኔ ነርስነት ትማር ነበር፤ ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ ከእኔ በቀር የሚያስተምራት የለም። ካልሄድኩ ደግሞ የሰው ልጅ በእኔ እጅ ሥራ ሌባ ተብላ ትቀመጣለች።

ሀድረሚው ከማተሚያው ጀርባ ብቅ አለ። «ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።»

ነገርኩት። ካሜራዋን ከጠረጴዛው አንስቶ ሦስት አራት ቦታ ተጫነና አንድ ጽሑፍ አሳየኝ። «ይህ ፊት ማሳመሪያ ነው። በርቷል። አቡ ናይፍ በገዛት ቀን ለሙሽሮች ብሎ አስበርቶታል።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የወረቀት ፎቶ ላይ ብጉር እንኳ አናጠፋም ብለህ ዘጠኝ ዓመት የሰበክኸኝ አንተ ነህ። አንተ ታየዋለህ ብዬ ነዋ። ጠባሳው ሲጠፋ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«ደስ አላት። ዝም አልኩ።»

እንደ ወትሮው አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ማሳመሪያውን አጠፋና ካሜራዋን ሰጠኝ። «ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።

«እሄዳለሁ።»

«ኢቃማህ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ማተሚያውን ነቀለ። ለሠርግ ይዘናት የምንወጣትን ትንሿን ማተሚያ ከነወረቀቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተ፤ ጫማውን አደረገ፤ የሱቁን በር ወደ ታች ስቦ ቆለፈ። «የእኔ ኢቃማ ፎቶ አንሺ ይላል» አለ። «አንተ ቦርሳውን ያዝ።»

«ይህ ያንተ ጣጣ አይደለም።»

«ማሽኑን የማስተካክለው ማነው? እኔ ነኝ። ያላ፣ እንሂድ።»

እሱም ቢሆን የመናዊ ነው፤ ለየመናዊም ቀኑ የጨነቀበት ሰሞን ነው። የሐሰት ፎቶ ሠሪ ቢሉት የሚያድነው የለም። በታክሲ ስንሄድ ይህን አነሳሁበት። በመስኮት እያየ «አንተ ካሜራዋን አሙቅ» አለኝ። ብብቴ ሥር ናት፤ በሻርፔ ጠቅልያታለሁ።

ማቆያው በር ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆመን አንድ ወጣት መኮንን ወዳለበት ክፍል አስገቡን። የደከመው፣ ግን ሰው የሆነ ሰው ነው። ሀድረሚው ኢቃማውን ሳይጠየቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የሱቁ ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ፤ ወረቀቴ ይኸው» አለ። «ማሽኗ ላይ ፊት የሚያሳምር ነገር አለ፤ ለሠርግ ነው። ለወረቀት ሲሆን መጥፋት ነበረበት፤ ሳይጠፋ ቀረ። ማስተካከሉ የእኔ ሥራ ነው። ልጅቷ ጥፋት የለባትም።»

መኮንኑ ካሜራዋን ተቀብሎ አየ። ሀድረሚው እጁን ዘርግቶ የራሱን ፊት ሁለት ጊዜ አነሳ፤ አንዴ አብርቶ፣ አንዴ አጥፍቶ፤ ጎን ለጎን አሳየው። አንዱ ላይ የግንባሩ የብጉር ጠባሳ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። መኮንኑ ፈገግ አለ። «ይቺን ለእህቴ ሠርግ እፈልጋታለሁ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይህስ?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር ነበር። ሀድረሚው ቀደመኝ።

«ዓሚል ነው። ቦርሳ ይዞልኝ ነው የመጣው።»

መኮንኑ ኢቃማዬን ጠየቀ፤ ሰጠሁት። አነበበው፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አልመለሰልኝም። «ልጅቷን አምጧት። እዚሁ፣ ፊቴ ያንሳት» አለ።

ሰዓዳ ገባች። ዓይኗ አብጧል። እኔን ስታይ ወደ እኔ ልትመጣ አለች። ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሀድረሚው ካሜራዋን ያዘ። እሱ በዕድሜው ሰው አንስቶ አያውቅም፤ ሥራው ኮምፒውተር ነው። ፊቷ ላይ ሄዶ ተደቀነ። ልጅቷ ደንግጣ አንገቷን ደፋች። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግንባር ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ አፍንጫዋ ገዝፎ፣ ጆሮዋ ጠፍቶ፣ ሌላ ሴት ሆና ወጣች። መኮንኑ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይቺ ደግሞ ሦስተኛዋ ሴት ናት» አለ። «ሙያህ ይህ ነው ብለኸኛል።»

ሀድረሚው ላብ አጠመቀው። ወደ እኔ አልዞረም፤ እንዳልናገር ብሎ ነው። ኢቃማዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልጄም አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጣለች። ግን ሰዓዳ እዚያ ወንበር ላይ ትንፋሿን ይዛ ደርቃ አየኋት፤ እንዲህ ሆና ሺህ ጊዜ ብትነሳ ራሷን አትመስልም።

ቦርሳውን እንደያዝኩ ከተደገፍኩት ግድግዳ ተላቀቅሁ። ፊት ለፊቷ፣ ከሀድረሚው ኋላ ቆምኩና አንገቴን ቀና አደረግሁ። በአማርኛ «ሰዓዳ፣ እኔን እይኝ፤ አትቸኩዪ» አልኳት። ለሀድረሚው በዓረብኛ «ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፤ ከዚያ ሌንሱን አስጠጋው» አልኩት። ሄደ። ቀስ እያለች ቀና አለች። «ቆይ፣ አታንሳ» አልኩት። ጠበቅን። ክፍሉ ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ደረቷ ዝቅ አለ፤ ትንፋሿ ወጣ።

«አሁን።»

ጠቅ አለ።

መኮንኑ እኔን እያየ ነበር። ኢቃማዬን አነሳና ሙያ የሚለውን መስመር በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይህ ዓሚል ብዙ ያውቃል» አለ።

ሀድረሚው ካሜራዋን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱ ሳይፈታ፣ «ዕድሜ ይስጥህ ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት የካሜራ ቦርሳ የተሸከመ ሰው ጥቂት ሳይማር አይቀርም» አለው።

መኮንኑ ኢቃማዬን በጠረጴዛው ላይ አንሸራትቶ መለሰልኝ። «ቦርሳህን ያዝ፣ አባት» አለኝ። አላህ የቆመበትን መሬት ያጽናለት፤ ስሙን አላውቅም።

ትንሿ ማተሚያ ፎቶውን ስትተፋ ለሰዓዳ ሰጠኋት። ጠባሳው አለ፤ ከዓይኗ ሥር እስከ ጆሮዋ። ያበጡት ዓይኖቿም እንዳሉ አሉ።

«ይህ እኔ ነኝ» አለች። ቆይታም «እናቴ ያኛውን አይታለች፣ አባ። ምን እላታለሁ?»

«ፎቶ አንሺው ዋሽቶሽ ነበር በያት። እውነት ነው። አንቺም አፉ በይኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ ይተውት ያልኩ።»

«የማውቀው እኔ ነበርኩ።»

አዲስ ሰነድ እስኪወጣላት አራት ቀን ፈጀ፤ የቆንስላው ሰዎች ፎቶውን ተቀብለው ጨረሱላት። በአምስተኛው ቀን በረረች። ሳምንት ቆይታ ከሐርቡ ደወለች። እናቷ መጀመሪያ ጉንጯን በመዳፏ ሸፍና ብዙ አለቀሰች አለችኝ፤ ከዚያ ጎረቤቶቿን ጠርታ «መጣችልኝ» አለች። እኔ ስልኩን ይዤ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሀድረሚው «ሰው ይቀመጥበታል፣ ተነሳ» አለኝ። ደህና ሆነናል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ካሜራዋን አልጠላኋትም። ከዚያ በኋላም አራት ዓመት ሠራሁባት፤ ብዙ ሙሽራ አስደስታለች። ብቻ ለወረቀት ሲሆን ሀድረሚው ራሱ ተነስቶ ማሳመሪያው መጥፋቱን ያያል፣ እኔ ደግሞ በሩን ከፍቼ እስከ ቡፊያው ደጃፍ እርቃለሁ። አላፊ አግዳሚው ይስቅብናል። በተከታዩ ዓመት አቡ ናይፍ ነገሩን ሰምቶ ኢቃማዬ ላይ ሙያዬን አስቀየረልኝ። ልጄ ተመረቀች፤ ዛሬ ኮምቦልቻ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ይህን የምጽፈው እሷ ቤት ነው። በሰው አገር ብዙ ክፉ ያየ ሰው አለ፤ እውነቱን ነው። እኔን ግን አላህ በሰው ከብቦኝ ነው ያኖረኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከሁሉም አንዱ ይበልጥብኛል። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቼ፣ ከአንድ ሳህን በልቼ፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ በአገሩ ስም ብቻ ስጠራው ኖርኩ። ስሙን ከነአባቱ የሰማሁት ያን ቀን መኮንኑ ኢቃማውን ሲያነብ ነው። ሳሊም ዑመር ይባላል።